ቅዳሜ ቅዳሜ የምናመጣው ብር የማይናገረው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከቡድን ጸሐፊዎቻችን አንዷ ያቀረቡት ንግግር። ለዜና መጽሔታችን እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



የተሰጠኝ ርዕስ «የማኅበራችን ሥራ ከገንዘብ ባሻገር እንዴት ይለካል» የሚል ነው። ሲነግሩኝ መጀመሪያ «ይህማ የተማረ ሰው ሥራ ነው» አልኩ። እኔ የአንድ ቡድን ጸሐፊ ነኝ። ደብተር እይዛለሁ፣ ቁጠባ እመዘግባለሁ፣ በየሦስት ወሩ የሪፖርት ቅጽ እሞላለሁ። ኋላ ግን ሳስበው፣ ቅጹን የምሞላው እኔ ከሆንኩ ቅጹ የሚያየውንም የማያየውንም የማውቀው እኔው ነኝ ብዬ እሺ አልኩ። ደግሞም መናገር የሚገባኝ የራሴ ጥፋት አለ። እሱን አስቀድሜ ልናገር፤ ወደ መጨረሻ ካቆየሁት ይከብደኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት ባቀረብኩት ሪፖርት ላይ «የብድር አመላለስ፦ መቶ በመቶ» ብዬ ጽፌ ነበር። ውሸት አልነበረም። ከቡድናችን ከተበደሩት ሴቶች አንዷም አንድ ሳምንት አላሳለፈችም። ሪፖርቱ በዚሁ አዳራሽ ተነበበ፣ ተጨበጨበልን፣ ስድስት የሻይ ብርጭቆም ተሸለምን። ብርጭቆዎቹ አሁንም አሉ፤ አንዱ ብቻ ነው የተሰበረው።

በዚያው ዓመት አንዲት እህታችን ከቡድኑ ወጣች። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት። ብድሯን እስከ መጨረሻዋ ብር ከፍላ፣ ቁጠባዋን ተቀብላ፣ ሁላችንንም ስማ ወጣች። በቅጹ ላይ «በሩብ ዓመቱ የለቀቁ አባላት ብዛት» የሚል ቦታ አለ፤ 1 ብዬ ሞላሁ። ለምን እንደለቀቁ የሚጠይቅ ቦታ የለም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ከወራት በኋላ ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ ተገናኘን። «ምነው ጠፋሽብን?» አልኳት። መጀመሪያ «ሥራ በዛብኝ» አለች። ተራችን ሩቅ ነበር፤ መብራትም ሄዶ መጣ፤ እየቆየች እየቆየች ነገረችኝ። ክረምት ላይ የገዛችው ሽንኩርት በስብሶባት ከስራ ነበር። ቡድኑ ፊት ቆማ «ጊዜ ስጡኝ» ማለት አፈረች። ያፈረችው ደግሞ በእኔ ምክንያት ነው፤ በየስብሰባው «የእኛ ቡድን እስከ ዛሬ ስሙ አልጎደፈም» እያልኩ እኩራራ ነበርና። ስለዚህ ከአራጣ አበዳሪ ወስዳ ለእኛ ከፈለች። አራጣውን ለመክፈል ሰባተኛ ክፍል የነበረች ልጇን ከትምህርት አስቀርታ ጉልቱ ላይ አስቀመጠቻት፤ እሷ ራሷ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«እናንተ የጠየቃችሁኝ ብር ነው፤ ብሩን አመጣሁ» አለችኝ።

እናንተ ሆይ፣ እኔ ያን ቀን ዱቄቴን ተሸክሜ ቤቴ እስክገባ ድረስ መልስ አላገኘሁላትም። የእኔ መቶ በመቶ የተሠራው ከዚያች ልጅ የትምህርት ዓመት ነበር። ቅጹ ላይ ሁለት ቁጥር ነበር፣ አንዱ 100፣ አንዱ 1። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ሆነው ነገር አንዲት ቃል አይናገሩም።

አሁን «እንግዲህ ገንዘብ አይለካ» ልትል ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። የገንዘብ ሒሳብ በትክክል ካልተያዘ ቡድን አንድ ወር አያድርም። ሳጥን ሦስት ቁልፍ የሚኖረው በሦስት ሰው እጅ የሚሆነው ስለምንተማመን አይደለም፣ ተማምነን እንድንኖር ነው። ደብተሩ ይቀጥላል፤ ኦዲቱም ይቀጥላል። እኔ የምለው፣ ደብተሩ የሚመልሰው «ብሩ የት ሄደ?» የሚለውን ነው። «ሴቲቱስ የት ደረሰች?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ እናቶቻችን ያውቁታል። ዕድርን ተመልከቱ። «የዕድራችሁ ትርፍ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይታችኋል? ዕድር ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ሐዘን በገባ ዕለት ነው። ድንኳኑ በስንት ሰዓት ተተከለ? ወጡን ማን ሠራ? ሠልስት ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ሐዘንተኛዋ ዘንድ ማን ቀረ? ይህ ሁሉ መለኪያ ነው፤ ያውም በመንደሩ ሰው ሁሉ የሚታወቅ። ዕድርን ግን ከመጠን በላይ አላመሰግንም። ወርኃዊ መዋጮ መክፈል አቅቷት ስሟ የተሰረዘባትን ሴት ዕድርም አይከተላትም። እንደ እኔ ቅጽ 1 ብሎ ያልፋታል። በዚህ ነገር ከዕድርም ልንሻል ይገባናል።

እዚህ ላይ ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጥሩነት የሚለካው ከተሰጠው ብር ስንቱን በአስተዳደር ወጪ እንዳዋለ በማየት ነው። «ከመቶ ብር ዘጠና አምስቱ በቀጥታ ለተረጂው ደረሰ» ሲባል ሁላችንም ደስ ይለናል። በአገራችን ይህ በሕግም የተጻፈ ነው። በቀድሞው አዋጅ፣ በቁጥር 621/2001 ማለት ነው፣ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጎ ነበር። ያን ለማስፈጸም በወጣው መመሪያ ደግሞ ለክትትልና ለግምገማ የሚወጣው ወጪ ጭምር በአስተዳደር ወጪነት ይቆጠር ነበር። ወደ ቡድን ሄዶ «እንዴት ሆናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሠራተኛ መጓጓዣው እንደ ብክነት ታየ ማለት ነው። በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን 20 በመቶ ቢያደርገውም የአስተዳደር ወጪ የሚባለውን ከፕሮጀክት ሥራ ለይቶ ተርጉሞታል፤ ያ በጎ ነው። ይሁንና የድሮው ልማድ በሰዉ ልብ ውስጥ አለ። ክትትል ሲባል አሁንም የመኪናና የአበል ወጪ ብቻ ነው የሚታየን።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻም አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች መረጃ የሚሰጡ ሦስት ታዋቂ ተቋማት አንድ ሆነው ለለጋሾች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። የደብዳቤው መልእክት ባጭሩ፣ የአስተዳደር ወጪን መቶኛ ብቻ እያያችሁ ድርጅትን አትመዝኑ፤ ያ ቁጥር ድርጅቱ ሥራውን በደንብ ስለመሥራቱ አይነግራችሁም የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ይህን ያሉት ራሳቸው ያንን ቁጥር ለለጋሹ ሲያቀርቡ የኖሩ ናቸው።

የእኔ ዘመድ የሆነ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ልጅ ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ አንዳንድ ጥናቶችን አስረዳኝ። ሁለቱን ብቻ ላንሳ።

አንደኛው ስለ አነስተኛ ብድር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በስድስት አገሮች፣ በቦስኒያ፣ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በሞንጎሊያና በሞሮኮ የተካሄዱ ጥናቶች በአንድ የኢኮኖሚክስ መጽሔት አብረው ታትመው ነበር። የእኛ አገሩ የተካሄደው በአማራና በኦሮሚያ ገጠር ነው። አጥኚዎቹ ብድር የሚገባባቸውንና የማይገባባቸውን ቀበሌዎች በዕጣ ለይተው፣ ከ2003 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ ምን እንደተለወጠ አነጻጸሩ። ብድር በገባበት ቀበሌ ሰዉ በእርግጥ ብዙ ተበደረ። በልጆች ትምህርት፣ በሴቶች የመወሰን አቅም፣ በአብዛኞቹ ሌሎች መለኪያዎች ግን ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኙም። የስድስቱም አገር ውጤት ተደምሮ ሲታይ፣ ብድር ለአንዳንዱ ጠቅሞታል፣ የብዙኃኑን ኑሮ ግን አልለወጠም የሚል ነው።

ያ ጥናት የእኛን ዓይነት ቡድን አልመዘነም፤ የብድር ተቋማትን ነው የመዘነው። ቢሆንም እኔን አስደነገጠኝ። ምክንያቱም እኛም ሪፖርታችን ላይ ከሁሉ አስቀድመን የምንጽፈው «ይህን ያህል ሴቶች ይህን ያህል ብር ተበደሩ» የሚል ነው። መበደር ለውጥ ቢሆን ኖሮ ያቺ የጉልቷ እህታችን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተለውጣለች፤ አንድ ጊዜ በእኛ፣ አንድ ጊዜ በአራጣው።

ሁለተኛው በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ራስ አገዝ ቡድን የሚባለው አሠራር ከሕንድ ልምድ ተወስዶ ወደ አገራችን የገባው በ2002 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዷ ናዝሬት፣ ያሁኗ አዳማ ናት። ቲርፈንድ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባሠራው የወጪና የጥቅም ስሌት፣ በዚህ ሥራ ላይ ለሚውል ለእያንዳንዱ 1 ፓውንድ ከ58 እስከ 173 ፓውንድ የሚገመት ጥቅም ይገኛል ተብሏል። ይህን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከዚያ ዘመዴን «ከ58 እስከ 173? ለምን እንዲህ ተራራቀ?» አልኩት። እየሳቀ «በግምቱ ነዋ» አለኝ። ሽንኩርት ነጋዴ እንኳ «ከ58 እስከ 173 ብር አተርፋለሁ» ካለች ዕቁብተኞቿ ይስቁባታል። ሥራው ጥሩ መሆኑን ቁጥሩ ሊያሳይ ይችላል፤ የትኛዋ ሴት ተጠቀመች፣ የትኛዋ ተጎዳች የሚለውን ግን በዚህ ስሌት ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። በብር ያልተተመነ ነገር ደግሞ በብር ስሌት ውስጥ አይገባም።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ? እንዴትስ እንጠይቅ? እኔ ዛሬ ረዘም ልልበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ስንሞክረው ብዙ ስለተሳሳትን።

መጀመሪያ የሞከርነው ቀላሉን ነበር። «ቡድኑ ኑሮሽን አሻሽሎልሻል?» ብለን አባላቱን ሁሉ ጠየቅን። ሁሉም «አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። በእኛ አገር እንዴት ነሽ ተብላ «ይመስገን» የማትል ሴት ማን ናት? እቤቷ ሽሮ ሳይኖር ይመስገን ትላለች። ልጇ ታሞ ይመስገን ትላለች። ከዚያ በላይ ጠያቂዋ የቡድኑ ጸሐፊ፣ ተጠያቂዋ ነገ ብድር የምትጠይቅ ሴት ስትሆን ሌላ መልስ መጠበቅ የዋህነት ነው። ያንን ወረቀት «የአባላት እርካታ መቶ በመቶ» ብለን ብንልከው ኖሮ ሌላ ስድስት ብርጭቆ እንሸለም ነበር።

ስለዚህ ስሜትን ትተን ድርጊትን መጠየቅ ጀመርን። «ባለፉት ሰባት ቀናት እራት ሳይበላ የታደረበት ሌሊት ነበር? ያልበላው ማን ነው?» ይህ ሲጠየቅ ይመስገን አያዋጣም፤ ቀን መቁጠር ይመጣል። ማን እንዳልበላ ስንጠይቅ የሚመጣውን መልስ ታውቁታላችሁ። እናት ናት። «ልጆቹ በልተዋል» ትላለች፤ ራሷን ከቤተሰቡ ቁጥር ውስጥ አታስገባም። ደግመን «አንቺስ?» ማለት እንዳለብን የተማርነው ከሦስተኛዋ ሴት በኋላ ነው።

ቀጥሎ ወሩ ራሱ እንደሚዋሽ ገባን። አንዱ ደጋፊያችን የሚፈልገው ሪፖርት የአውሮፓ ዓመት ሳያልቅ፣ ታኅሣሥ ላይ የሚደርስ ነው። ታኅሣሥ ገብሱም ስንዴውም ከአውድማ የሚነሳበት ነው፤ ከገጠር ዘመድ ጥቂት እህል ይመጣል፣ ኩበትም ደርቆ ይሸጣል። ማንን ብትጠይቁ ደህና ነው። ያንኑ ጥያቄ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጠይቁ። ጎተራው ባዶ ነው፣ ኩበቱ እርጥብ ነው፣ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ አፍጥጦ ቆሟል። ያቺ እህታችን የወደቀችው በክረምት ነው። በታኅሣሥ ሪፖርት ውስጥ ክረምት የለም። አሁን ነሐሴና ጥር፣ በዓመት ሁለቴ እንጠይቃለን፤ የአንዱን ዓመት ነሐሴም ከሌላው ዓመት ነሐሴ ጋር ነው የምናነጻጽረው።

ሌላው የሚያታልለን የቁጠባው ቁጥር ነው። በየዓመቱ «ቁጠባችን አደገ» እንላለን። እውነት ነው፣ በብር አድጓል። ግን እናንተ ጤፍ የምትገዙ ሴቶች ናችሁ። ድሮ በአንድ ወር ቁጠባ ይገዛ የነበረው ጤፍ ዛሬ ስንት ወር ቁጠባ ይፈልጋል? አሁን በደብተራችን ላይ ከብሩ ጎን «ይህ ብር ዛሬ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል» ብለን እንጽፋለን። አንዳንዴ ብሩ ወጥቶ ኪሎው ይወርዳል። ያን ማየት ደስ አይልም፤ ሆኖም ወጥ የምንሠራው በብር ቁጥር አይደለም።

የመወሰን ነገር ደግሞ አለ። የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን ጨምሮ፣ ያገቡ ሴቶችን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ስለ ራስሽ ሕክምና የሚወስነው ማን ነው? ትልልቅ የቤት ዕቃ ሲገዛ የሚወስነው ማን ነው? ወደ ዘመድ ጥየቃ ስትሄጂ የሚወስነው ማን ነው? እነዚህን ሦስቱን ተውሰናል። ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ችግሩ የት እንደሚጠየቁ ነው። አንዲት እህታችን ቤቷ ሄደን ባለቤቷ ባለበት ስንጠይቃት «ሁሉንም ተመካክረን ነው» አለች። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከሳምንት በኋላ ምንጭ ወርደን ልብስ ስናጥብ ያንኑ ጠየቅኋት፤ «እሱ ይወስናል፣ ከዚያ እኔ እመካከራለሁ» ብላ በሳቅ ገደለችን። ከዚያ ወዲህ ቤት ሄደን አንጠይቅም።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ በአንድ የገጠር ልማት ሥራ ላይ ሪክ ዴቪስ የሚባል ሰው የጀመረው አሠራር አለ። ቅጽ አስሞልቶ ቁጥር ከመሰብሰብ ይልቅ፣ ሰዎችን «ባለፉት ጊዜያት ከሆኑት ለውጦች ለአንተ ትልቁ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከሚነገሩት ታሪኮች ሰዎቹ ራሳቸው አንዱን ይመርጣሉ፤ ለምን እንደመረጡትም ይጽፋሉ። የተመረጠው ወደ ላይ ይላካል፣ ከላይ ያሉትም የመረጡትንና ምክንያታቸውን መልሰው ወደ ታች ይነግራሉ። እኔ ይህን ስሰማ «ይህማ ቡና ነው» አልኩ። ሦስቱን እስክንጠጣ ሌላ ምን እናደርጋለን?

ባለፈው ሚያዝያ ሞከርነው። ሦስት ታሪክ ተነገረ። አንደኛዋ ከቡድኑ ተበድራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ እንጀራ ለሆቴል ማቅረብ ጀምራለች፤ ገቢዋ ከሁላችንም ይበልጣል። ሁለተኛዋ ዕድሜ ልኳን ቀበሌ ስትሄድ አውራ ጣቷን ታስነካ የነበረች እናት ናቸው፤ ዘንድሮ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ሦስተኛዋ ባሏ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ሳለ ልጇ ሌሊት ትኩሳት ያዘው። ድሮ ቢሆን እስኪነጋ ጠብቃ፣ ለባሏ ደውላ፣ ከአማቷ አስፈቅዳ ነበር የምትሄደው። ያን ሌሊት የማኅበራዊ መዋጮውን የያዘችውን ጎረቤቷን ቀሰቀሰች፣ ብር ተቀበለች፣ ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል ሄደች። ልጁ የሳንባ ምች ነበረው። አሁን ደህና ነው።

እኔ በሆዴ የምጣዷ ትመረጣለች ብዬ ነበር። ክርክሩ ሁለተኛው ቡና ላይ ተጀምሮ ቡናው ካበቃ በኋላም አላለቀም። የፈረሙት እናት ራሳቸው «የእኔ ይቅር፤ ፊርማ ጥሩ ነው፣ ግን ልጅ አያድንም» አሉ። የምጣዷ ባለቤት ደግሞ ቅር አላት፤ «እኔ እኮ ሦስት ሰው ቀጥሬአለሁ» አለች፤ እውነቷን ነው። በመጨረሻ የሌሊቷ ተመረጠች። ምክንያት ብዬ የጻፍኩት አንዲት የቡድናችን ሴት ያለችውን ነው፦ «ማንንም ሳታስፈቅድ ሄደች፤ ስትመለስም ማንም አልተቆጣትም።»

ይህቺን ምክንያት ደጋግሜ አነበብኳት። ናይላ ካቢር የሚባሉ ምሁር በ1999 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጽሑፍ፣ የሴት አቅም መጎልበት ማለት ቀድሞ መምረጥ የተከለከለች ሴት በሕይወቷ ትልልቅ ጉዳዮች ላይ መምረጥ ስትችል ነው ይላሉ። ዘመዴ ይህን ሲያነብልኝ የቡድናችን ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለችው ትዝ አለኝ። እሷ ደግሞ «ማንም አልተቆጣትም» የሚለውን ጨምራበታለች። መወሰን አንድ ነገር ነው፤ ወስኖ በሰላም ማደር ሌላ ነው። በማንኛውም ቅጽ ላይ ይህን የሚጠይቅ ሳጥን አላየሁም። ከማኅበራዊ መዋጮው የወጣው ብርም በዚያ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ የተመዘገበው «ወጪ» ተብሎ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠንቀቅ። መልካም የሆነው ሁሉ የእኛ ሥራ አይደለም። በከተማችን ፋብሪካዎች ሲከፈቱ ከአባሎቻችን ልጆች ብዙዎቹ ሥራ ገብተዋል፤ ገቢ ጨምሯል። ያንን «ማኅበራችን ያመጣው ለውጥ» ብለን ብንጽፍ ማን ያውቅብናል? ራሳችን እናውቃለን። አሁን ስንጠይቅ «ቡድኑ ባይኖር ይህ ይሆን ነበር?» ብለን እንጨምራለን። የምጣዷ እህት ያለምንም ማመንታት «እኔማ ከወንድሜም እበደር ነበር» አለች። የሌሊቷ ግን ዝም ብላ ቆየችና «ማንን እቀሰቅስ ነበር?» አለች።

እንግዲህ ዛሬ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ አይደለም። ከየቡድኑ ደብተር መጨረሻ ጥቂት ገጾች ለዚህ ይለዩ። ነሐሴና ጥር ላይ የምግቡና የውሳኔው ጥያቄ ይጠየቅ፤ ጠያቂዋም የራሷ ቡድን ጸሐፊ አትሁን፣ ከሌላ ቡድን ትምጣ። በዓመት ሁለቴ የቡናው ታሪክ ይመረጥ፣ ምክንያቱ ይጻፍ። ከሁሉም በላይ፣ የለቀቀች አባል ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ በአንዲት እህት ትጎብኝ፤ ለማግባባት ወይም ለመመለስ ሳይሆን ለመስማት።

አንዳንዶቻችሁ በእረፍት ሰዓት «ይህንንም ለሽልማት እናድርገው» ስትሉ ሰምቻለሁ። እባካችሁ አይሁን። ቻርልስ ጉድሃርት የሚባሉ እንግሊዛዊ የባንክ ባለሙያ በ1975 እ.ኤ.አ. ያነሱት ሐሳብ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ባጭሩ መለኪያ ግብ ከሆነ መለኪያነቱ ይቀራል ማለት ነው። እኔ ሳላነበው ኖሬበታለሁ። «መቶ በመቶ» ግብ ስለሆነ ነው ያቺ ሴት ዘንድ አራጣ የገባው። ነገ «የምትወስን ሴት ብዛት» ለሽልማት ከሆነ ሁላችንም በአንድ ሌሊት ወሳኝ እንሆናለን።

ደጋፊዎቻችንን ደግሞ ሁለት ነገር እለምናለሁ። በሚቀጥለው ስምምነት ላይ የለቀቁትን ለመጎብኘት የሚውል ትንሽ መጓጓዣ ፍቀዱልን፤ በአስተዳደር ወጪ ስም አትቁረጡት። ሁለተኛው ይከብዳል። መጥፎ ዜና ስንጽፍላችሁ አትደንግጡ። እኔ ያን መቶ በመቶ የጻፍኩት ብር ይቀርብናል ብዬ ፈርቼ ጭምር ነው። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ «ሁለት ሴቶች መክፈል አቅቷቸው ጊዜ ተሰጣቸው» የሚል ካነበባችሁ፣ ያ ከመቶ በመቶው የተሻለ ዓመት መሆኑን እወቁልን። አርባ ገጽ መጠይቅ ግን እባካችሁ አትላኩልን፤ ባለፈው የመጣው አንዱ የቤታችንን ጣሪያ ቆርቆሮ እስከ ማስቆጠር ደርሶ ነበር።

ያቺ እህታችን ዛሬ እዚህ የለችም። ጠርቻት ነበር። ቅዳሜ ገበያዋ ስለሆነ መምጣት አልቻለችም፤ ይህን ታሪኳን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን እንዳልጠራ ብቻ ነው ያስጠነቀቀችኝ። አራጣው አልቋል። ልጅቷ በመስከረም ተመልሳ ተመዝግባለች፤ እንደገና ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ከታናናሾቿ ጋር መቀመጥ አሳፍሯታል አለችኝ። እናቲቱን «ወደ ቡድኑ ትመለሻለሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ከሻይ በኋላ የምንሰጠው ድምፅ እንዴት እንደሆነ ግን ንገሪኝ ብላኛለች፤ ዛሬ ማታ ጉልቱ ሳይነሳ እሄዳለሁ።